ጥንቸልን መምረጥና መንከባከብ በአቃቂ ቃሊቲ፦ ከላም፣ ከበግና ከዶሮ የተወረሰ ልማድ ለምን አይበቃም?

መግቢያ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ ፋብሪካ፣ የአትክልት ማሳና የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጎን ለጎን የሚታዩበት ክፍለ ከተማ ነው። ነዋሪው ለእንስሳት እርባታ እንግዳ አይደለም፤ ላም፣ በግና ዶሮ ምን እንደሚበሉና ሲታመሙ ምን እንደሚደረግላቸው ከወላጆቹ የወረሰው ዕውቀት አለው። ጥንቸል ለልጆች ማጫወቻ ተብላ ወደ ግቢ ስትገባ የሚጠብቃት ይኸው ዕውቀት ነው። ለዶሮ የሚበተነው እህል ለእርሷም ይበተናል፤ ለላም የሚታጨደው የወንዝ ዳር ሣር ለእርሷም ይታጨዳል፤ ለሌላ እንስሳ ወይም ለልጅ የተገዛ መድኃኒትም ለእርሷ ይሰጣል።

ይህ ጽሑፍ የተወረሰው ልማድ ለጥንቸል ሲውል ጉዳት የሚያስከትለው የት ላይ እንደሆነና ምክንያቱን ያብራራል። በመሠረቱ የጥንቸል ደኅንነት የተንጠለጠለው በአንጀቷ ሥርዓት ላይ ነው፤ ይህም ሥርዓት ከከብትም ከዶሮም የተለየ ነው። ስለሆነም ጥንቸል ለማሳደግ ያሰበ ሰው አስቀድሞ መምረጥ ያለበት እንስሳዋን ሳይሆን የምትመገበውን ሣርና የምትኖርበትን ሁኔታ ነው።

ስሙ አንድ፣ እንስሳቱ ሁለት

አማርኛ «ጥንቸል» የሚለውን ስም ለዱሯም ለቤቷም ይጠቀምበታል። ሁለቱ ግን የተለያዩ እንስሳት ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋማ ሜዳዎች የምትታየውና እ.ኤ.አ. በ1963 በሳይንስ የተገለጸችው ሌፐስ ስታርኪ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አትገኝም። የቤት ጥንቸል ግን ከአይቤሪያ ልሳነ ምድርና ከአካባቢው የመጣችው የኦሪክቶላገስ ኩኒኩለስ ዝርያ ናት። የመጀመሪያዋ 48፣ ሁለተኛዋ 44 ክሮሞሶም ስላላቸው አይዳቀሉም። የዱሯ ጥንቸል ልጆች ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ በሜዳ ላይ ይወለዳሉ፤ የቤቷ ልጆች ደግሞ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ በጎሬ ወይም በጎጆ ውስጥ ይወለዳሉ።

ይህ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም አለው። በማሳ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ የተገኘች የዱር ጥንቸል ግልገል እናቷ የጣለቻት አይደለችም፤ እናቲቱ የምታጠባት በቀን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በቀረው ጊዜ ብቻዋን መቆየቷ የተፈጥሮ ሥርዓቷ ነው። እርሷን ወደ ቤት መውሰድ ከሞት ማዳን ሳይሆን ለሞት መዳረግ ነው።

የማይበላ እንስሳ ሲበዛ

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ጥንቸል የምታመሰኳ፣ ሰኮናዋ ግን ያልተሰነጠቀ ተብላ ከማይበሉት እንስሳት ተቆጥራለች። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ የተጠበቀ ሲሆን፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውጭ ባለው ሕዝብ ዘንድም የጥንቸል ሥጋ መብላት እምብዛም የተለመደ አይደለም። በአንዳንድ አገሮች የተትረፈረፉ ጥንቸሎች ወደ ማዕድ ይሄዳሉ፤ በአቃቂ ቃሊቲ ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ዶሮ ብትበዛ ለበዓል ትታረዳለች፤ በግ ቢበዛ ይሸጣል፤ ጥንቸል ብትበዛ ግን መሄጃ የላትም።

የመራባት ፍጥነቷ ደግሞ ከሦስቱም ይበልጣል። አነስተኛ ዝርያ ያላቸው ጥንቸሎች ከሦስት ወር ተኩል ጀምሮ ለመራባት ይደርሳሉ። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ሲሆን፣ እናቲቱ በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። አንዲት እንስት በዓመት 6 ጊዜ ብትወልድና በእያንዳንዱ ወሊድ 6 ግልገሎች ቢያድጉ፣ የልጅ ልጆቿ ሳይቆጠሩ 36 ጥንቸሎች ይሆናሉ። አሳዳጊ ያጡ ግልገሎች ወደ ሜዳ ቢለቀቁ የሚጠብቃቸው ውሻ፣ ሸለምጥማጥና ጅብ ነው።

ስለዚህ በምርጫ ወቅት ጾታን መለየት ከቀለምና ከመልክ ሁሉ ይቀድማል። በስምንት ሳምንት ዕድሜ የብልት አካባቢ በቀስታ ሲጫን በተባዕቱ ክብ፣ በእንስቷ ረዘም ያለ ስንጥቅ ይታያል። በዚህ ዕድሜ ስህተት የተለመደ በመሆኑ በሦስተኛው ወር መባቻ ምርመራውን መድገም ተገቢ ነው። ጥንቸል ለብቻዋ መኖር የማትወድ እንስሳ እንደመሆኗ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት እንስቶችን አብሮ ማሳደግ ቀላሉ ምርጫ ነው። ሁለት ያልተኮላሹ ተባዕት ለአቅመ መራባት ሲደርሱ ክፉኛ ይጣላሉ። ተባዕቱ ቢኮላሽም ቀደም ሲል የተጠራቀመው ዘር እስከ 6 ሳምንት ሊያስፀንስ ስለሚችል ከእንስት ጋር የሚቀላቀለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚታይ ምልክት

ጥንቸል በአዳኝ የምትታደን እንስሳ በመሆኗ ሕመሟን ትደብቃለች። ሸማቹም ጸጥታዋን ብቻ አይቶ ጤነኛ ወይም ገራም ናት ሊል አይገባም። ዕድሜዋ ከ8 ሳምንት ያላነሰ፣ ዓይኗ ጥርት ያለ፣ አፍንጫዋ ደረቅ መሆን አለበት። የፊት እግሮቿ ውስጠኛ ጸጉር ተጣብቆና ደርቆ ከተገኘ ንፍጧን በእግሯ ስትጠርግ ቆይታለች ማለት ነው፤ ይህም የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክት ነው። በጆሮዋ ውስጥ የሚታይ ቅርፊት የእከክ ምልክት ሲሆን፣ በመቀመጫዋ ላይ የተለጠፈ እርጥብ ኩስ የአንጀት ችግርን ያመለክታል። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ጥቂት ቀደም ብለው መግጠም አለባቸው። የጥንቸል 28 ጥርሶች ዕድሜ ልክ ያድጋሉ፤ የፊቶቹ በሳምንት 2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚረዝሙ፣ ጥርሱ ያልገጠመ ጥንቸል ውሎ አድሮ መብላት ይሳነዋል።

በእንክብካቤ ረገድ ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት እንደምትኖር አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ዛሬ ለአምስት ዓመት ልጅ የተገዛች ጥንቸል ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ በሕይወት ልትኖር ትችላለች።

የአንጀቷ ሥርዓት

ጥንቸል ሣር በል ብትሆንም እንደ ላምና እንደ በግ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የላትም። የበላችው የሚብላላው በሰፊው ዕውር አንጀቷ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ነው። በዚያ የሚዘጋጀውን ለስላሳና በፕሮቲን የበለጸገ በጠጥ ከመቀመጫዋ በቀጥታ እየተቀበለች ትውጠዋለች። ሸካራው አሰር ግን ወደ ዕውር አንጀት ሳይገባ ደረቅና ክብ በጠጥ ሆኖ ይወገዳል። ጥንቸል በእውነት አታመሰኳም፤ ነገር ግን ምግቧን ሁለት ጊዜ በአንጀቷ ታሳልፋለች፤ ደጋግማ የምታኝክ መስላ መታየቷም ከዚህ ልማዷ ጋር የሚሄድ ነው።

ይህ ሥርዓት የሚንቀሳቀሰው በአሰር ነው። ስለሆነም ከዕለት ምግቧ 80 በመቶ ያህሉ ሣር ወይም የሣር ድርቆሽ ሊሆን ይገባል። ድርቆሽ የሚለው ቃል የደረቀ እንጀራንም እንደሚያመለክት ይታወቃል፤ ለጥንቸል የሚሰጠው ግን የሣሩ ብቻ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ በቆሎና ስንዴ ስታርች ስለሚበዛባቸው የተሕዋስያኑን ሚዛን ያዛባሉ፤ አንጀቱ ይዘገያል፤ ጋዝ ይሞላል፤ ጥንቸሏም በሕመም ምክንያት መብላት ስታቆም አንጀቱ ይበልጥ ይዘገያል። ማስመለስ ስለማትችል የበላችውን ማውጣት አይሆንላትም። ዶሮን የሚያሰባ እህል ጥንቸልን የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። የጤፍ ጭድ ለምንጣፍነት ተስማሚ ነው፤ ሆኖም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን ምግብ አይሆንም። አልፋልፋ ካልሲየሙ ከፍተኛ በመሆኑ ለግልገሎችና ለሚያጠቡ እናቶች እንጂ ለአዋቂ ጥንቸል የዘወትር ምግብ አይደለም።

ውኃም ከምግብ እኩል ነው። አንዲት 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ ውኃ ካጣችም መብላት ታቆማለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእርሷ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ለብቻ ማጠራቀም ያስፈልጋል።

ሣሩ የበቀለበት ቦታ

የትልቁና የትንሹ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በዳርቻቸው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በመስኖ ይለማል፤ ሣርም ይታጨዳል። በወንዙ ውኃ፣ በአፈሩና በአትክልቱ ላይ የተካሄዱ በርካታ ጥናቶች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስን የመሳሰሉ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። ቅጠልን ማጠብ አቧራውንና ጭቃውን ያስወግዳል እንጂ በሥር ተስቦ ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት አያወጣም።

ጥንቸል ለዚህ አደጋ ይበልጥ የምትጋለጥበት ምክንያት በስሌት ይታያል። የ2 ኪሎ ጥንቸል በቀን 200 ግራም ቅጠል ብትበላ የክብደቷን 10 በመቶ በላች ማለት ነው፤ ይህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየቀኑ 6 ኪሎ ሰላጣ ከመብላቱ ጋር ይመጣጠናል። በተጨማሪም ለሥጋ የሚረባ ዶሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲታረድ፣ ጥንቸል ግን ያንኑ መኖ ለዓመታት ትመገባለች። ካድሚየም ደግሞ በኩላሊት ውስጥ እየተጠራቀመ የሚሄድ ብረት ነው። ስለዚህ ከወንዙ ዳርቻ የታጨደ ሣርና ከገበያ የተለቀመ የቅጠል ትራፊ ምንጩ ሳይታወቅ መሰጠት የለበትም። ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ አካባቢ የሚመጣ የሣር ድርቆሽ፣ በግቢ ውስጥ በንጹሕ ውኃ ከበቀለ ጥቂት ቅጠል ጋር፣ የተሻለ አማራጭ ነው። ድርቆሹ ሻጋታና አቧራ የሌለው፣ መልካም ሽታ ያለው መሆኑም ይታያል።

መኖሪያና ወቅት

የደጋው አየር ለጥንቸል ተስማሚ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ትመቻለች፤ ደረቅ ብርድንም ትቋቋማለች። የሚጎዷት እርጥበትና ሙቀት ናቸው። የአቃቂ ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ይዞ ይጨቀያል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ቤት እግሯን ያቆስላል፤ በሽንቷ የረጠበ ምንጣፍም አሞኒያ እያወጣ ሳንባዋን ይጎዳል። ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር ሊቆም፣ ወለሉም ቢያንስ በከፊል ጣውላ ሆኖ ጭድ ሊነጠፍበት ይገባል። በበጋ እኩለ ቀን ከቆርቆሮ ሥር የሚፈጠረው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ጥንቸል ላብ ስለሌላት ለሞት ልትዳረግ ትችላለች።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ የቦታ ጥያቄ ወሳኝ ነው። በብሪታንያ የጥንቸል ደኅንነት ተቆርቋሪዎች ለሁለት ጥንቸሎች 3 ሜትር በ2 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ እንዲመደብ ይመክራሉ። ይህን መስጠት ያልቻለ ቤት በየቀኑ ለሰዓታት የምትሮጥበት ክፍል ማመቻቸት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የፕላስቲክ ጆንያ ከአፏ ማራቅ አለበት። አጥንቷ ከክብደቷ 8 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሳት ወይም ኋላዋን ሳይደግፉ መያዝ ስትፈራገጥ አከርካሪዋን ሊሰብር ይችላል።

ሕመምና መድኃኒት

ለ12 ሰዓት ያህል ያልበላች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም። በዚህ ጊዜ የሚፈጸመው ከባዱ ስህተት በቤት የተገኘውን መድኃኒት መስጠት ነው። ለልጅ የተገዛ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ፣ አምፒሲሊን፣ በአፍ የሚሰጥ ፔኒሲሊን፣ ሊንኮማይሲንና ክሊንዳማይሲን የዕውር አንጀቱን ጠቃሚ ተሕዋስያን ገድለው መርዝ አመንጪ ባክቴሪያዎች እንዲፋፉ ያደርጋሉ፤ ውጤቱም በቀናት ውስጥ የሚገድል ተቅማጥ ነው። ለውሻ ቁንጫ የሚውለው ፊፕሮኒልም ለጥንቸል መርዝ ነው። ስለዚህ ማንኛውም መድኃኒት የጥንቸልን ተፈጥሮ በሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ብቻ ሊታዘዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከአቃቂ ቃሊቲ በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ በቢሾፍቱ ይገኛል።

ከጥንቸል ይልቅ ጊኒ ፒግ የሚመርጥ ሰው ተመሳሳይ የድርቆሽና የመድኃኒት ጥንቃቄ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ላይ ጊኒ ፒግ ቫይታሚን ሲ በሰውነቷ ስለማታዘጋጅ በየቀኑ ቃሪያ ወይም ሌላ ምንጭ ያስፈልጋታል። ጥንቸል ያለ ሕመም የምትሸከመው ባክቴሪያ ለጊኒ ፒግ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን አብሮ ማኖር አይመከርም።

ማጠቃለያ

የአቃቂ ቃሊቲ ቤተሰብ ስለ እንስሳት ያለው ዕውቀት ሰፊ ነው፤ ሆኖም የተገነባው በሚያመሰኩና በሚታረዱ እንስሳት ላይ ነው። ጥንቸል አታመሰኳም፤ በብዙዎች ቤትም አትታረድም። ከእነዚህ ሁለት እውነታዎች የመኖዋ፣ የመድኃኒቷና የመራባቷ ሥርዓት ይመነጫል። በተግባር ሲታይ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ምንጩ የታወቀ ድርቆሽ፣ ቀጥሎ ደረቅና ጥላ ያለው ቤት፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪም አድራሻ፣ በመጨረሻ ጾታቸው የተረጋገጠ ሁለት ጥንቸሎች። ለተመራማሪውም በገበያ የሚሸጠውን የሣርና የቅጠል መኖ የብረት ይዘት ከነምንጩ መለካት ቅርብና ጠቃሚ የጥናት ርእስ ነው፤ ውጤቱ ከጥንቸሏ አልፎ ያንኑ ሣር በልታ ለምትታለበው ላምና ወተቷን ለሚጠጣው ልጅም የሚተርፍ ነውና።