በርካሽ ገዝቶ በኢንተርኔት አትርፎ መሸጥ ለክርስቲያን ይገባዋልን?

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እኅት ከእሁድ አምልኮ በኋላ የአስራት ፖስታዋን በእጇ ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። «ፓስተር፣ ይህን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ።

ይህች እኅት የምትተዳደረው በቴሌግራም ዕቃ እየሸጠች ነው። ከመርካቶ የሽንኩርት መክተፊያ በ350 ብር ትገዛለች፤ ፎቶ አንስታ ትለጥፍና በ700 ብር ትሸጣለች። አብራት በመዘምራን የምታገለግል ሌላ እኅት አንዱን ገዛቻት። በሳምንቱ ግን ያንኑ ዕቃ ሱቅ ውስጥ በ400 ብር አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ይዘምራሉ፣ ሰላም ግን አይባባሉም። «ይህ ገንዘብ ንጹሕ ነው ወይ? ለጌታ ልሰጠው እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ የሰጠኋት መልስ የችኮላ ነበር። «ሕገ ወጥ እስካልሆነ ድረስ ችግር የለውም» ብዬ ጸልዬላት ሸኘኋት። በኋላ ግን መልሴ ልቤን አላሳረፈውም። ዛሬ ብዙ ወጣቶቻችን ከዚህ ሥራ እንጀራ ስለሚበሉ፣ ነገሩን በቃሉ ብርሃን አብረን እንድንመረምረው ወደድሁ።

ማትረፍ በራሱ ኃጢአት ነውን?

አይደለም። በምሳሌ 31 የተመሰገነችው ሴት ልብስ ሠርታ ለነጋዴ ትሸጣለች፤ ከሩቅ አገር ምግብ እንደምታመጣ የንግድ መርከብም ተመስላለች (ምሳ. 31፥14፣ 24)። በፊልጵስዩስ ወንጌልን ሰምታ ቤቷን ለሐዋርያት የከፈተችው ልድያ የቀይ ሐር ነጋዴ ነበረች (ሐዋ. 16፥14-15)። ጳውሎስ ንግድሽን ተዪ እንዳላት አናነብም።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቶማስ አኲናስም ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። አንድን ዕቃ ከገዙበት ዋጋ በላይ መሸጥ በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ አስተማረ። ነጋዴ ቤተሰቡን ለማስተዳደር፣ ድሆችን ለመርዳት ወይም የድካሙን ዋጋ ለማግኘት ቢያተርፍ አይነቀፍም።

የእኅታችንን 350 ብር ትርፍ እስቲ እንመልከተው። በውስጡ የታክሲ ወጪ አለ፤ በመርካቶ ግፊያ የዋለችበት ቀን አለ፤ የኢንተርኔት ክፍያና ዕቃውን በር ድረስ የሚያደርሰው የሞተረኛ ዋጋ አለ። ሳይሸጥ የሚቀር ዕቃ ኪሳራም በእርሷ ላይ ነው። ገዢዋ የከፈለችው ለመክተፊያው ብቻ ሳይሆን ሳትሄድ ስለ መጣላትም ጭምር ነው።

ሕግ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1997 ከታይላንድ ወደ አሜሪካ ለትምህርት የሄደ አንድ ተማሪ ነበር። እዚያ ውድ የሆኑት የኮሌጅ መጻሕፍት በአገሩ በርካሽ እንደሚሸጡ ስላወቀ፣ ቤተሰቦቹና ጓደኞቹ ገዝተው እንዲልኩለት አደረገ። መጻሕፍቱንም በአሜሪካ ሸጦ አተረፈ። አሳታሚው ከሰሰው፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለተማሪው ፈረደ። በሕጋዊ መንገድ የገዛኸውን መጽሐፍ፣ በውጭ አገር የታተመ ቢሆንም እንኳ፣ መልሰህ መሸጥ ትችላለህ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የተፈቀደው ሁሉ እንደማይጠቅም፣ ሁሉም እንደማያንጽ ሐዋርያው ያስተምረናል (1ቆሮ. 10፥23)። እኔ ለእኅታችን የመለስሁት መልስ የጎደለው እዚህ ላይ ነበር። ፍርድ ቤት የማይጠይቀውን ጌታ ይጠይቃልና።

ትርፍ ኃጢአት የሚሆነው መቼ ነው?

1ኛ. ውሸት ሲገባበት። «ኦሪጅናል ነው» ብሎ አስመስሎ የተሠራውን መሸጥ፣ መጋዘን ሞልቶ ሳለ «የቀረን ሁለት ብቻ ነው» ማለት፣ ጉድለቱን የማያሳይ ፎቶ መለጠፍ፣ ይህ ሁሉ በሐሰተኛ ምላስ ሀብት ማከማቸት ነው (ምሳ. 21፥6)። ገዢም ቢሆን ነጻ አይደለም። ዕቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ፣ ገዝቶ ሲሄድ የሚኩራራውን ቃሉ ያውቀዋል (ምሳ. 20፥14)።

2ኛ. ዋጋው እንደ ሰው ፊት ሲለዋወጥ። በብዙ የቴሌግራም ቻናሎች ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ጽሑፍ እናያለን። አንዳንዱ ተፎካካሪ እንዳያይበት ብሎ ያደርገዋል። ሌላው ግን የጠያቂውን ስምና ፎቶ አይቶ ዋጋ ለመቁረጥ ነው። ሁለት ዓይነት ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ ነው (ምሳ. 20፥10)። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የነበሩ ኩዌከሮች በዚህ ምክንያት ለሁሉም አንድ ቁርጥ ዋጋ መናገርን የእምነታቸው ምስክርነት አደረጉት። ሕፃን ልጅ ወደ ሱቃቸው ቢላክ እንደ አዋቂ ይስተናገድ ነበር።

3ኛ. የሌላውን ችግር ስንጠብቅ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮሮና አሜሪካን ሲያስጨንቅ፣ በቴነሲ ግዛት ሁለት ወንድማማቾች ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞሩ ሳኒታይዘር ሰበሰቡ። አንዳንዱን በአማዞን እስከ 70 ዶላር ሸጡት። አማዞን ሲያግዳቸው 17,700 ጠርሙስ በእጃቸው ቀረ፤ ነገሩ በጋዜጣ ወጣ፤ መንግሥትም ምርመራ ጀመረ። በመጨረሻም ያላቸውን በነጻ ሰጡ፤ ከፊሉን ለተቸገሩ ለማከፋፈል የተረከበው አንድ የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ነበር። እነዚህ ሰዎች የሸጡት ከሽንኩርት መክተፊያ የሚለየው በምንድን ነው? መክተፊያ ያላገኘች ሴት በቢላዋ ትከትፋለች። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ የጠበቃት ነርስ ወይም አረጋዊት ግን ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። እህልን የሚያስቀርን ሕዝብ እንደሚረግመው ተጽፏል (ምሳ. 11፥26)። በአገራችንም ከሸማቾች ማኅበር በድጎማ ዋጋ የተገኘ ዘይትና ስኳር አውጥቶ አትርፎ መሸጥ ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ያ ዘይት ለድሀ የተመደበ ነውና።

4ኛ. አየር በአየር ሲሆን። በእጅህ የሌለውን ዕቃ እንዳለህ አድርገህ ገንዘብ ተቀብለህ፣ ከዚያ ፍለጋ የምትወጣ ከሆነ በሰው ገንዘብ ቁማር እየተጫወትህ ነው። «በትእዛዝ የሚመጣ ነው፤ 10 ቀን ይፈጃል» ብሎ አስቀድሞ መናገር ግን ነውር የለበትም።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። ከበጎ አድራጎት ያገለገሉ ዕቃዎች ሱቅ የተጻፈውን ዋጋ ከፍላችሁ የገዛችሁትን ብትሸጡ ማንንም አልበደላችሁም፤ ሱቁ የጠየቀውን አግኝቷል። ለችግረኞች በነጻ ከሚታደለው ወስዶ መሸጥ ግን ከድሀ አፍ መንጠቅ ነው።

ልካችን ምን ይሁን?

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1524 ስለ ንግድ በጻፈው ጽሑፍ፣ ነጋዴዎች «ዕቃዬን በቻልሁት መጠን አስወድጄ እሸጣለሁ» የሚሉትን መመሪያ አጥብቆ ተቃወመ። ነጋዴ መጠየቅ ያለበት ምን ያህል ማግኘት እችላለሁ ብሎ ሳይሆን ምን ያህል ይገባኛል ብሎ ነው። ድካሙን፣ ወጪውንና የደረሰበትን ስጋት ቆጥሮ ልከኛውን ዋጋ ያውጣ አለ። ቁርጥ ያለ መቶኛ አላስቀመጠም፤ እኔም አላስቀምጥም። ነገር ግን ዕቃ ከመለጠፍህ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ራስህን ጠይቅ፦

- ገዢው ከየትና በስንት እንደገዛሁት ቢያውቅ፣ ፊቱን ቀና ብዬ ማየት እችላለሁን?
- ይህን ዕቃ ለእናቴ በዚህ ዋጋ እሸጥላታለሁን? (ማቴ. 7፥12)
- እኔ በመግዛቴ ምክንያት ለዕለት ኑሮው የሚያስፈልገው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳልን?
- ዕቃው ቢበላሽ ስልኬን አነሣለሁን?

አስራት ይህን ፈተና ያላለፈ ገንዘብን አያጥበውም። በነውር የተገኘ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ሕጉ ከልክሏል (ዘዳ. 23፥18)። ዘኬዎስ እንኳ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)።

ወደ እኅታችን ልመለስ። ደግሜ ጠራኋትና የችኮላ መልሴን ይቅር እንድትለኝ ጠየቅኋት። ከዚያም እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አየናቸው። አልዋሸችም፤ ማንንም አላስራበችም። በኋላ ሁለቱን አብረን አነጋገርናቸው። የገዛችው እኅት «ከመርካቶ እንደምታመጣው ብትነግረኝ ኖሮ ወይ ራሴ እሄድ ነበር፣ ወይ ደግሞ ደስ ብሎኝ እከፍላት ነበር» አለች። ቅሬታዋ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ዝምታው ነበር። ዛሬ በዚያች እኅት ቻናል አናት ላይ «ከመርካቶ ገዝቼ ቤትዎ አደርሳለሁ፤ ዋጋው ማድረሻን ይጨምራል» የሚል ጽሑፍ አለ። አንዳንድ ደንበኞች ቀርተውባታል። ፖስታዋን ግን ልቧ ሳይከሳት ትሰጣለች፤ ሁለቱም እኅቶች ሰላም ይባባላሉ።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እኅቴ? ነገ የምትለጥፉትን ዕቃ ጌታ አጠገባችሁ ሆኖ እንደሚያይ አስባችሁ ለጥፉ። እርሱ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ!