ልማድን የሚሞግት ፊልም ሁሉ እምነትን አይነካም

ዱባይ — አንድ ፊልም የውዝግብ ምክንያት ሲሆን በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ «ይታይ ወይስ ይከልከል?» የሚል ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የታዩት ጉዳዮች ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ መኖሩን ያመለክታሉ፤ ፊልሙ የሚሞግተው እምነትን ነው ወይስ ልማድን?

እ.ኤ.አ. በ2014 በነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ) ታሪክ ላይ የተሠራው «ኖኅ» የተሰኘ የሆሊውድ ፊልም በኤምሬቶች፣ በኳታርና በባሕሬን እንዳይታይ ተከለከለ። ነቢያትን በተዋናይ መወከል በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ተቀባይነት የለውምና ውሳኔው ብዙዎችን አላስገረመም። በአንጻሩ ሙስጦፋ አል-ዓቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው «አር-ሪሳላ» የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስልም ሆነ ድምፅ ሳያሳይ የእስልምናን አነሣሥ ተርኳል። ሶሓቦች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውንና ንጉሥ ነጃሺ ያደረጉላቸውን አቀባበልም ያሳያል። እንዲህም ሆኖ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ሲኒማ ቤቶች የታየው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ልማድን የሚሞግቱት ፊልሞች ግን ሌላ መልክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዱባይ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ዐረብ ፊልም ሽልማትን ያገኘው የሀይፋ አል-መንሱር «ወጅዳ» ብስክሌት መንዳት የምትመኝን የሳዑዲ ታዳጊ ታሪክ ይተርካል። ልጅቷ ለብስክሌቱ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በቁርኣን ውድድር ትሳተፋለች። ፊልሙ የሚጠይቀው ሃይማኖቱን ሳይሆን በሴት ልጅ ላይ የተጫነውን ወግ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅን እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው በተሰበሰበበት ዕለት ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ክርክሩ የባለታሪኳን መብት የተመለከተ ሲሆን እገዳው ኋላ ላይ ተነሥቷል። ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት ነፃ ያደርግ የነበረው የቀድሞው ሕግ ድንጋጌም እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ቀርቷል። ለትዳር የሴቷን ፈቃድ መጠየቅ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት በመሆኑ ጠለፋን የሚያወግዝ ፊልም ለሙስሊሙ ቤተሰብ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

የኤምሬቶች አሠራርም በሂደት ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪው አካል ትዕይንት ከመቁረጥ ይልቅ ፊልሞችን ሳይቆረጡ ማሳየት የሚያስችል «21+» የተሰኘ የዕድሜ ደረጃ አስታወቀ። ይህ ማለት ወሰን የለም ማለት አልነበረም፤ ከስድስት ወር በኋላ ለሕፃናት የተሠራው «ላይትዪር» የሀገሪቱን የይዘት መመዘኛ ይጥሳል ተብሎ ታግዷል። በዱባይም ሆነ በአጅማን ቲኬት የሚቆርጥ ወላጅ ከፊልሙ ስም ጎን የሚያገኘው የዕድሜ ምልክት ለዚህ የተቀመጠ ነው።

የእጅ ስልክ ግን ዕድሜ የሚጠይቅ በረኛ የለውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የባሕረ ሰላጤው ሀገራት ኔትፍሊክስ ከእስላማዊ እሴቶች ጋር የሚጋጩ ይዘቶችን እንዲያነሣ መጠየቃቸው የሥጋቱን መጠን ያሳያል። ሻርጃ በበኩሏ ከ2013 አንሥቶ ባካሄደችው የሕፃናትና ወጣቶች የፊልም ፌስቲቫል ልጆች ፊልምን በማስተዋል እንዲመለከቱና ራሳቸውም እንዲሠሩ መንገድ ከፍታለች።

መንግሥት የሲኒማውን በር ሊጠብቅ ይችላል፤ የሳሎኑ በር የወላጅ አማና ነው። ልጅ ያየውን ፊልም ፈርቶ ከመደበቅ ይልቅ ለእናት ለአባቱ ነግሮ «ይህ ሃይማኖታችን ነው ወይስ ልማዳችን?» ብሎ የሚጠይቅበት ቤት ከማንኛውም እገዳ የጸና ጥበቃ አለው።