ኤሲው ወደ ጣሪያ ሲወጣ

በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ፣ ከሰፋፊ መኪና ማቆሚያዎች ጀርባ የተደረደሩት ፎቅ የሌላቸው የገበያ ማዕከሎች ጣሪያቸው ዝርግ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ብዙ የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ግሮሰሪዎችና ፀጉር ቤቶች የተከፈቱት በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። የሐምሌ ወበቅ ውጭውን ሲያፍነው ውስጥ ተረጋግቶ ቡና መጠጣት የሚቻለው፣ ጣሪያው ላይ በላሜራ ሳጥን የታሸገ ኤሲ ስለሚሠራ ነው። የሕንፃው ግንባር ከፍ ብሎ ስለሚከልለው ከመንገድ ላይ እምብዛም አይታይም።

ይህ ኤሲ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከምንሰቅለው ይለያል። ኮምፕሬሰሩ፣ ሙቀት የሚያስወጣውና አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ፋኖቹ፣ ብዙ ጊዜም የክረምቱ የጋዝ ማሞቂያ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተገጣጥመው ይመጣሉ። ማቀዝቀዣው ጋዝ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቷል። ቀዝቃዛው አየር ከሳጥኑ ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ ክፍሉ ይወርዳል፣ የሞቀው በሌላው ይመለሳል። ባለ ሱቁ ቦታ ያተርፋል፣ ጩኸቱም ይርቅለታል። ችግሩ የሚመጣው ማሽኑ ሲያረጅ ነው፤ አሮጌው መውረድ፣ አዲሱ መውጣት አለበት። ይህን ሥራ ከሩቅ የሚያየው ሰው የክሬን ጉልበት ብቻ ይመስለዋል። እኔ የማምነው ግን የሥራው ደህንነት መንጠቆው ከመሬት ከመነሳቱ በፊት፣ በወረቀትና በሜትር የሚወሰን መሆኑን ነው።

መጀመሪያ የሚጣራው ክብደቱ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ማምታቻ አለ። የኤሲ አቅም የሚለካው በቶን ነው፣ ነገር ግን ይህ ቶን ክብደት አይደለም። ልኬቱ በተፈጥሮ በረዶ ይቀዘቀዝ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፤ 2,000 ፓውንድ፣ ማለትም 907 ኪሎ በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት አንድ ቶን ይባላል፣ ይኸውም ወደ 3.5 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ ባለ 5 ቶን ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ከ200 እስከ 350 ኪሎ ሲሆን፣ ባለ 25 ቶኑ ደግሞ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ነው። ክሬኑም የሚጠራው በቶን ነውና፣ በስልክ «አምስት ቶን ነው» ተብሎ የሚተላለፍ መልእክት ምን ማለት እንደሆነ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ትክክለኛው ክብደት የሚገኘው ከፋብሪካው ሰነድ ነው፤ በላዩ ላይ የተጨመሩ ዕቃዎችም ይደመራሉ።

ቀጥሎ ርቀት ይመጣል። ባለ 40 ቶን ክሬን 40 ቶን የሚያነሳው ሸክሙ ከሚዞርበት እምብርት ጥቂት ሜትር ብቻ ሲርቅ ነው። ክንዱ የመኪና ማቆሚያውን ተሻግሮ ወደ ጣሪያው መሐል 30 ሜትር ሲዘረጋ አቅሙ ወደ ጥቂት ቶን ይወርዳል። ከዚያም ላይ የመንጠቆው፣ የካቦውና የማንጠልጠያው ብረት ክብደት ይቀነሳል። ለዚህ ነው ጥሩ ኦፕሬተር ከቀኑ በፊት መጥቶ ርቀቱን በሜትር የሚለካው። የሚቆምበትን መሬትም ያያል። ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው በአራቱ የጎን እግሮች ላይ ነው፤ አስፋልቱ ሥር የፍሳሽ ጉድጓድ ወይም በደንብ ያልተጠቀጠቀ አፈር ካለ አንዱ እግር ሊሰምጥ ይችላል። በእያንዳንዱ እግር ሥር ሰፊና ወፍራም ታኮ የሚነጠፈው ክብደቱን ለመበተን ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሦስተኛው ነገር የካቦው ማዕዘን ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ከባድ ቅርጫት በሁለቱ እጀታዎች ይዘው ሲሄዱ ተጠጋግተው ከቆሙ እጃቸው ብዙም አይጎተትም፤ እየተራራቁ በሄዱ ቁጥር ግን ቅርጫቱ ሳይለወጥ ትከሻቸው ይገነጠላል። ካቦም እንዲሁ ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን ማሽን በሁለት ካቦ ቢንጠለጠልና ካቦዎቹ ቀጥ ብለው ቢቆሙ እያንዳንዳቸው 500 ኪሎ ይሸከማሉ። ከአግድም መስመር በ60 ዲግሪ ሲያዘነብሉ በእያንዳንዱ ላይ 577 ኪሎ ያርፋል። 45 ዲግሪ ላይ 707 ይሆናል። 30 ዲግሪ ላይ እያንዳንዱ ካቦ ለብቻው ሙሉውን 1,000 ኪሎ ይጎትታል። አጭር ካቦ በደንብ የያዘ ቢመስልም አደጋው ያለው እዚያ ነው። በዚያ ላይ ያዘነበለ ካቦ ሳጥኑን ከጎን ይጨምቀዋል፣ ላሜራውም ይታጠፋል። መፍትሔው ከማሽኑ በላይ አግዳሚ ብረት ማድረግና ካቦዎቹን ከእርሱ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ማውረድ ነው። ካቦውን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዙት የብረት ማያያዣዎች፣ ሻክሎቹ፣ የሚታሰሩት ፋብሪካው በመሠረቱ ብረት ላይ ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ ወደ አንድ ጫፍ ስለሚሆን የክብደቱ ማዕከል መሐል ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ማሽኑን ከመሬት ጥቂት ሳንቲሜትር አንስቶ ቆም ማለትና ማዘንበሉን ማየት ግድ ነው።

ዙሪያውን መቃኘት ደግሞ አለ። እስከ 50 ኪሎቮልት የሚደርስ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ክንዱም ካቦውም ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለባቸው። ሥራው ብዙውን ጊዜ ማለዳ የሚደረገው መኪና ማቆሚያው ባዶ ስለሚሆን ነው። በሸክሙ ሥር ማንም አይቆምም፤ እኔ እንደማስበው ሸክሙ የሚያልፍበት ክፍል ውስጥም ሰው መኖር የለበትም። ባለ ምግብ ቤቱ «ጣሪያ አለን» ብሎ ምሳ ማሰናዳቱን ከቀጠለ ጣሪያው እንዲህ ያለ ሸክም ቢወድቅበት እንዲይዝ እንዳልተሠራ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ማሽኑ ሲነሳ ኦፕሬተሩ የሚታዘዘው ለአንድ ምልክት ሰጪ ብቻ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ «አቁም» የሚለውን ምልክት ማንም ይስጠው ማን ኦፕሬተሩ እንዲታዘዝ ያስገድዳል። ዛሬ ሥራ የጀመረ ረዳት እጁን ቢያነሳ ክሬኑ ይቆማል። ከሕጎቹ ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ቋንቋው ገና ያልተፈታለት፣ አለቃውን የሚፈራ ስደተኛ ሠራተኛ በእጁ ያለውን ይህን ሥልጣን ማወቅ አለበት።

ጣሪያው ላይ የሚጠብቁት ሰዎች አደጋ ሌላ ነው። ከ1.8 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የግንባታ ሥራ ላይ ከመውደቅ የሚጠብቅ ነገር ሊኖር ይገባል፤ አጥር፣ መረብ ወይም መላ ሰውነትን የሚይዝ ማሰሪያ። ብርሃን የሚያስገቡት የፕላስቲክ መስኮቶች ደግሞ ጠንካራ ይመስላሉ እንጂ ሰው አይሸከሙም። አሮጌው ማሽን ሲነሳ የሚከፈተው ቀዳዳም ወዲያው ካልተከደነ ወጥመድ ይሆናል። ሸክሙን ከታች በገመድ ይዞ ማዞር ይቻላል እንጂ በእጅ ገፍቶ ማስተካከል አይገባም። የሳጥኑ ጎን ሰፊ ስለሆነ ንፋስ ይይዘዋል፤ ንፋስ ካየለ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

ማሽኑ የሚያርፈው በውሃ ልክ በተስተካከለ ከፍ ያለ የላሜራ ክፈፍ ላይ ነው። አዲሱ ከአሮጌው የተለየ ቅርጽ ካለው በመሐል አስማሚ ክፈፍ ይገባል። ክብደቱ ከጨመረም ጣሪያው መቻሉን መሐንዲስ ያያል። ክሬን የማይደርስበት ሰፊ ጣሪያ ሲሆን ሄሊኮፕተር ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የሲኮርስኪ ኤስ-58 ዓይነት አሁንም ለዚህ ሥራ ይውላል። በሄሊኮፕተር ሲነሳ መንጠቆው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ሊያጠራቅም ስለሚችል ቻርጁ ሳይራገፍ በባዶ እጅ አይነካም።

መንጠቆው ከተፈታ በኋላም ሥራ አለ። ለጉዞ የታሰሩት ቡሎኖችና ማሰሪያዎች ይወጣሉ። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ከተገለበጠ ብዙ ኮምፕሬሰር ወደ ኋላ ይዞርና ይጮኻል፣ አያቀዘቅዝም። የአሮጌው ጋዝ በሕግ ወደ አየር አይለቀቅም፣ በሲሊንደር ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ የሚመረቱት አዳዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ለሱ የተዘጋጀ መሣሪያ ይፈልጋል።

ለባለ ሱቆች አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ብዙ የንግድ ኪራይ ውሎች የጣሪያውን ኤሲ ጥገና፣ አንዳንዴም መተካቱን ጭምር፣ በተከራዩ ላይ ይጥላሉ። ክሬኑም፣ መሐንዲሱም በእርሱ ሒሳብ ይመጣሉ ማለት ነው። ከመፈረም በፊት የማሽኑን ዕድሜና ማን እንደሚተካው መጠየቅ፣ ሥራው ሲመጣም የማሽኑን ክብደት በጽሑፍ፣ የኦፕሬተሩን የብቃት ማረጋገጫና የክሬን ድርጅቱን ኢንሹራንስ ማየት የተከራዩ መብት ነው። የተሠራበት ዘመን ከማሽኑ መለያ ሰሌዳ ይታወቃል፤ ቴክኒሻን ልኮ ማስነበብ ከክሬኑ ኪራይ በጣም ይረክሳል።