የደጉ ሳምራዊ ሁለት ዲናር

ባልንጀራን መውደድ በየዕለቱ የሚፈጸም ሥራ መሆኑን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የሚነበበው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ያስረዳናል። ወንበዴዎች ያቆሰሉትን ሰው ካህኑና ሌዋዊው አይተው አለፉ፤ ይህም ይልቁንም እኛን ካህናትን ሊያስደነግጠን ይገባል። ሳምራዊው ግን ቁስሉን አሰረለት፤ በገዛ አህያው ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው፤ በማግሥቱም ለጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጠ።

አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ስለ ነበረ፥ ርኅራኄው የሁለት ቀን ድካም ዋጋ አስከፍሎታል። ከዚህም የሚበልጥ ወጪ ቢደርስ ተመልሶ እንደሚከፍል ቃል ገባ።

እንግዲህ እያንዳንዳችን በየማታው ከጸሎት በኋላ፥ «ዛሬ ከጊዜዬና ከእንጀራዬ ለማን አካፈልሁ?» ብለን ራሳችንን እንመርምር። አምላካችን ለዚህ በጎ ምግባር ያብቃን፤ አሜን።