ብርድ ያልነው ወገብ

ደብረ ማርቆስ ላይ ወገቡን ያመመው ሰው የበሽታው ስም አይጠፋበትም፤ ብርድ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ማንን ይምራል? ፌጦ ይጠጣል፣ በርኖስ ይደረባል። አንድ ጎረቤቴ ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ብርዱን ሲያባርሩ ከረሙ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ በደማቸው የተገኘው ፒኤስኤ የተባለ የፕሮስቴት ፕሮቲን ከ400 በላይ ነበር፤ ካንሰሩ ከፕሮስቴት ዕጢ ወጥቶ አጥንታቸው ገብቷል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ 34 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስስል ስኖር፣ አንዱ ሰንሰለት በስተርጅና እኔኑ ይፈትነኛል ብዬ አላሰብኩም። በጥምቀት ማግስት ሌሊት ሽንቴ አልወርድ አለ። አረቄውን ረገምኩ። ሐኪም ቤት ካቴተር የተባለውን የሽንት ቱቦ አስገቡልኝ፣ ወዲያው ደም ተቀዳ፣ የፒኤስኤ ውጤቱ 14 መጣ። ደህና ነው ሲባል የኖረው ከ4 በታች ነው። ባለቤቴ ለቅሶ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት።

ያረጋጋን ላቦራቶሪ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። «ቲቸር፣ ደሙ የተቀዳው ቱቦው ከገባ በኋላ ነው እንዴ?» አለኝ። ነው። ፒኤስኤን የሚሠራው ካንሰር ብቻ ሳይሆን ጤነኛው ዕጢም ነው፤ የፒኤስኤ ሥራ የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው። ዕጢው ሲያብጥ፣ ሲመረቅዝ፣ ቱቦ ሲነካው ወደ ደም የሚያመልጠው ይበዛል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲደገም 6.8 ሆነ። ቀጥሎ ናሙናዬ አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሄደ። ፒኤስኤ በደም ውስጥ አንዱ ብቻውን ይሄዳል፣ ሌላው እንደ በሬ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጠምዶ ይሄዳል። ካንሰር ሲኖር ያልተጠመደው ድርሻ ያንሳል። የእኔ 27 በመቶ ነበር። ሐኪሙ በክትትል እንድቆይ ወሰነ።

በሽማግሌ ፕሮስቴት ካንሰር መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ብዙው ተኝቶ ይኖርና ባለቤቱ በሌላ በሽታ ይሞታል። የሚያስፈራው የሚሮጠው ነው፤ ፒኤስኤ ብቻውን ደግሞ ሁለቱን አጥርቶ አይለይም። ተመራማሪዎች አንድ ምስክር አልበቃ ሲላቸው ብዙ ምስክር ቆጠሩ፤ ሙግት ለሚያውቅ ጎጃሜ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የተፈቀደው አንዱ ምርመራ ሦስት ዓይነት ፒኤስኤ አንድ ላይ ያሰላል። ፎር ኬ የሚባለው ኤችኬ2 የተባለውን የፒኤስኤ ዘመድ ይጨምራል። የስዊድኑ ስቶክሆልም 3 ፕሮቲኖችን ከዘር ምልክቶችና ከዕድሜ ጋር ያጣምራል። ሁሉም የሚሉት «ክፉው ሊኖር ይችላል» ወይም «አይመስልም» ነው። ፍርዱን የሚሰጠው ከዕጢው ተቆንጥሮ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው፤ የካንሰሩ ደረጃ አመዳደብም ዶክተር ግሊሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመሩት ነው።

እነዚህ አዳዲስ ምርመራዎች ውድ ናቸው፤ እኔ ደጄ ላይ ያገኘሁት ያንኑ ፒኤስኤ ነው። እሱም በአግባቡ ከተነበበ ብዙ ይናገራል። ጎረቤቴ በየሦስት ወሩ መርፌ ይወጋሉ፤ ቁጥሩ ወርዶላቸዋል፣ ወገባቸው ግን እርፍ አያስይዝም።

ዕድሜያችሁ ከ50 ያለፈ ወንዶች፣ ለፒኤስኤ ምርመራ ደም ስትሰጡ ካቴተር ገብቶላችሁ እንደሆነ፣ አባት ወይም ወንድም በዚህ ታሞባችሁ እንደሆነ ተናገሩ። ፊናስተራይድ የምትወስዱም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ያወርደዋል። አልለቅ ያለ የወገብ ሕመምንም ለብርድ ብቻ አትስጡት።