የውሻ መጥፎ የአፍ ጠረን ምን ያመለክታል?

የውሻ አፍ መሽተት ለብዙዎች ተፈጥሯዊ ይመስላቸዋል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የድድ በሽታ ምልክት ነው። በ42ቱ የውሻ ጥርሶች ላይ የሚጋገረው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ካልጸዳ፣ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት አማካኝነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠጥራል። ከጠጠረ በኋላ በብሩሽ አይለቅምና የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል። ችላ ከተባለም ድዱ ይደማል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል።

በየቀኑ መቦረሽ የሚመከረውም ሽፋኑ ሳይጠጥር ለማስወገድ ነው። ለስላሳ ብሩሽና ለውሻ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና በመጠቀም፣ በተለይ በጉንጭ በኩል ያለውን የጥርሶቹን ገጽ ማጽዳት ይገባል። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። ውሻ ሳሙናውን ስለሚውጠው፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ የደሙን የስኳር መጠን በድንገት አውርዶ ሊገድለው ይችላል።