ለዓሣ ጫጩቶች የሚስማማ ዕቃ

በወረታ የምንኖር ሁሉ እንደምናውቀው፥ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ውኃው ሲሸሽ በየኩሬው የአምባዛና የቆሮሶ ጫጩቶች ይቀራሉ፤ ኩሬው ሲደርቅም ያልቃሉ። እነዚህን አንሥቶ ለማሳደግ የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ ስለ ዕቃው ማሰብ ይገባዋል።

እንስራ ለዚህ የሚመች ይመስላል። እኔ ግን ሰፊ ሳፋ እመርጣለሁ። ምክንያቱም ኦክስጅን ከአየር ወደ ውኃ የሚገባው በላይኛው ገጽ ነው። ሁለቱም እስከ አፋቸው ቢሞሉ፥ የአፉ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳፋ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነው እንስራ 16 እጥፍ የሚበልጥ ገጽ ለአየር ይከፍታል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ሳፋው በጥላ ሥር ይቀመጥ።

አምባዛ ከፍ ሲል ብቅ እያለ አየር ስለሚስብ ጥበትን ይችላል፤ ቆሮሶ ግን ይህ ችሎታ የለውም። አምባዛ ትልቁ ትንሹን ይበላልና በየመጠናቸው መለየት፥ ዘለው እንዳይወጡም ሳፋውን በወንፊት መክደን ያሻል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ሊገድላቸው ስለሚችል የኩሬው ውኃ ይሻላል። ሲቆሽሽም ሁሉን ሳይሆን ከፊሉን መለወጥ ነው።

ሲያድጉ ሳፋ አይበቃቸውም። ያን ጊዜ ወደመጡበት ወንዝ እንመልሳቸው፤ የጣና ዓሣ አስጋሪ እንጀራ ከእነርሱ ነውና።